የእናንተስ ማኅተም ከዚህ በምን ይለያል?

ለአማራ ክልል ምክር ቤት
ለክልሉ ገንዘብ ቢሮ
እንዲሁም በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምትኖሩ፣ ለመስጠት እጃችሁ ለማይሰስተው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መነሻ በጀት እንዲያዝ ስለመጠየቅ

"ጉዳዩ" የሚለውን እንደ ደንቡ ጽፌያለሁ። ከዚህ በኋላ ግን የቢሮ ቋንቋ ብዙም አልችልበትም። እንደማወራው ልጻፍ፣ ይቅርታችሁን።

ባሕር ዳር የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን ደመወዝ በማገኝበት ቦታ እሠራለሁ። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የአንዲት ትንሽ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። ክረምት ላይ ደብተርና እስክሪብቶ እንሰበስባለን። አቅም ያነሳቸው ቤተሰቦች ልጆች መስከረም ሲጠባ ያንን ይዘው ትምህርት ቤት ይገባሉ። ሥራችን ይኸው ነው። ቢሮ የለንም፤ አንዳችን ቤት ቡና እየተፈላ ነው የምንሰበሰበው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ለዚሁ ሥራ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ደግነታቸውን ሰምቼ ነው የሄድኩት። የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤያችንን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ምንም ሳይሉ መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ የተጣጠፈ ደረሰኝ አወጡ።

ደረሰኙ የታተመ ነው። ተራ ቁጥር አለው። የማኅበር ስም አለው። ክብ ሰማያዊ ማኅተም አርፎበታል። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ወጣቶች ባጅ አንጠልጥለው መጥተው፣ "ለተፈናቃይ ልጆች" ብለው ገንዘብ ተቀብለዋቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸው አልታየም። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ስልክ ሲደወል አይሠራም።

"ልጄ፣ አልሰጥም ማለቴ አይደለም" አሉኝ። "ግን የእናንተስ ማኅተም ከዚህ በምን ይለያል?"

ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። እውነታቸውን ነው። አይለይም። እንዲያውም የዚያኛው ከእኛው ይደምቃል። የእኛ ማኅተም ቀለሙ ደርቆ ግማሹ አይነበብም።

"ሄደው ያጣሩ ጋሼ" ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የት ሄደው? ማንን ጠይቀው? የሱቃቸውን በር ዘግተው የሦስት ቀን ገበያ ትተው? ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። አንድ ደርዘን ደብተር ሰጡኝ፤ ለእኔ አዝነው እንጂ ማኅበሩን አምነው አልነበረም። ይህ ደግሞ ካለመስጠት የባሰ ከነከነኝ።

በማግስቱ እኔው ራሴ ላጣራ ብዬ ተነሣሁ። የዚያን ማኅበር ስም በወረቀት ጽፌ፣ የምዝገባ ፋይል ይገኝበታል ወደተባልኩት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ እዚያ ያለውን ልጅ ማስቀየም አልፈልግም። ሥራውን የያዘው አንድ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቀን "ስልጠና ሄዷል" ተባልኩ። ሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጁን አገኘሁት። ትሑት ነው፤ ድካሙ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከምዝገባው ሌላ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። የፕሪንተር ቀለም ከኪሱ የገዛበት ጊዜ እንዳለ አጫወተኝ። ቦክስ ፋይሎቹን ከመደርደሪያ አወረደ፣ አቧራውን አራገፈ፣ አብረን ስንገልጥ ዋልን። ስሙ የለም።

"ግን እዚህ የለም ማለት አልተመዘገበም ማለት አይደለም" አለኝ። "ያላደሱት ሌላ ቦታ ነው የተቀመጡት።" ያ ሌላ ቦታ የት እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሥራውን ሰጥተውታል፤ መሥሪያውን አልሰጡትም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት በጎ አድራጎት ማኅበራትን የሚመዘግብ፣ ሪፖርታቸውን የሚቀበልና ለጠየቀ ሁሉ የሚያሳይ መሥሪያ ቤት በክልሉ ይቋቋም። ገንዘቡ ከክልሉ ግምጃ ቤት ይመደብለት። በሌላ ቢሮ በጀት ውስጥ "ልዩ ልዩ ወጪ" ተብሎ የተሸሸገ ሳይሆን፣ የራሱ ስም ያለው፣ የራሱ መስመር ያለው በጀት ይሁን።

ይህን ለሰው ሳወራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ የእድር ነው። "እድር ስንት ዘመን ያለ ተቆጣጣሪ ኖሯል፤ ማን በላው?" ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእናቴን እድር አውቀዋለሁ። ወር ሲደርስ ጸሐፊው ገቢና ወጪውን ያነባል። አንዷ ብድግ ብላ "የድንኳኑ ማሰፊያ ይህን ያህል ምን ሆኖ ነው?" ትላለች። መልስ ካላገኘች አትቀመጥም። ድንኳኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሥሩ ተቀምጦ አልቅሶበታል። አግዳሚ ወንበሩንም፣ ብረት ድስቱንም በዓይኑ ያውቀዋል። እድር ውስጥ የዛሬው ሰጪ የነገው ተቀባይ ነው። የራሱን ገንዘብ ነው የሚጠብቀው። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም እድርንና እቁብን አይመለከትም። ደግ አደረገ። አትንኩብን።

በጎ አድራጎት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሰጪና ተቀባይ አይገናኙም። ነጋዴው ደብተሩን ይሰጣል፤ ልጅቷ ደብተሩን ትቀበላለች፤ መሐል ላይ እኔ አለሁ። እኔ ብበላው ነጋዴው አያውቅም። ልጅቷም እንደተላከላት ስለማታውቅ አትጠይቅም። ሌባ የሚገባው በዚህ መሐል ነው።

እምቦጭን አስታውሱ። አረሙ ጣናን መውረር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በደንቢያና በፎገራ በኩል ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። ተማሪው ዘምቷል። ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ማሽንም መጥቷል። ከዚያ በየቡና ቤቱ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ "ያ ሁሉ ገንዘብ የት ደረሰ?" ማንንም መክሰሴ አይደለም። ብዙዎቹ አሳምረው መልስ ያላቸው ይመስለኛል። ችግሩ፣ መልስ ያለውም መልሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። አንዱ በፌስቡክ ይለጥፋል፣ አንዱ ለሬዲዮ ይናገራል፣ አንዱ ይቀየምና ይተወዋል። ንጹሑም የበላውም እኩል ተጠረጠሩ። በሚቀጥለው መዋጮ ላይ የሰው እጅ አጠረ።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በየቀኑ የታመመ ሕፃን ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመጣል። እውነቱ የትኛው ነው? ሰው ልቡ እየደማ ያልፈዋል። ወይም ይልክና የማን ኪስ እንደገባ አያውቅም።

አሁን ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ አለ። እሱ የሚያየው የውጭ ድርጅቶችን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንና የአዲስ አበባና የድሬዳዋዎቹን ነው። ሥራው በአንድ ክልል ውስጥ የተወሰነ ማኅበር ለክልሉ የተተወ ነው። እንደ እኛ ያለው ትንሽ ማኅበር ሁሉ የእናንተ ነው ማለት ነው። ከገበያ ነጋዴ ደጅ የሚቆመውም ይኸው ትንሹ ነው። ትልልቆቹ ኦዲተር አላቸው፣ ለጋሽ አላቸው፣ ሰነድ አላቸው። ክፍተቱ ያለው ታች ነው።

"ተቆጣጣሪ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ይህን ደብዳቤ ሳነብላት ፊቷ ተለዋወጠ። "ደግሞ የ2001ዱን ልታመጪብን ነው?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በወጣ ጊዜ "የኢትዮጵያ" የሚባል ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተከለከለ። ከዚያ በላይ የሚያገኝ ደግሞ በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ተደረገ። ብዙ ማኅበር ተዘጋ፣ ብዙው ሥራውን ቀየረ። ያኔ ተቆጣጣሪ ማለት በር ዘጊ ማለት ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ያንን አነሣ። የአስተዳደር ወጪ ከገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ደንብ ግን አስቀመጠ። በቦርዱም ከመንግሥት ሰዎች ሌላ የድርጅቶች፣ የሴቶች፣ የወጣቶችና የአካል ጉዳተኞች ተወካዮች እንዲኖሩ አደረገ። እኔ የምጠይቀው ይህንን መንፈስ ነው፤ ዱላውን አይደለም። የሚሾመው ሰው ማኅበር የመዝጋት ጉጉት ካለው፣ እባካችሁ በጀቱን ተዉት፤ ይቅርብን።

ገንዘቡ ለምን ከመንግሥት ይሁን? ማኅበራቱ ራሳቸው አይከፍሉም ወይ? ይህ ጥያቄ በጣም አሳስቦኛል፤ የሒሳብ ሰው ነኛ።

ማኅበራቱ ይክፈሉ ብንል፣ ከእኛ የሚቆረጠው ብር ከደብተር ላይ ነው የሚቆረጠው። ነጋዴው ለልጅ ብሎ የሰጠውን ለመዝጋቢ ደመወዝ ላውለው ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በአባልነት ክፍያ የሚኖር መዝጋቢ፣ ከፋይ እንዳይጎድልበት የመጣውን ሁሉ ይመዘግባል። በቅጣት የሚኖር ደግሞ ጥፋት ሲፈልግ ይውላል። ለውጭ ለጋሽ ፕሮጀክት እንስጠው የሚሉም አሉ። እሱን አይተነዋል። ለሁለት ዓመት ስልጠና በሆቴል ይሰጣል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ላፕቶፕ ይታደላል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ልጁ ወደ ቦክስ ፋይሉ ይመለሳል። ላፕቶፑ የት እንደሄደ አልናገርም። ደግሞስ ለጋሹ ራሱ የሚደግፋቸው ማኅበራት እዚያው መዝገብ ውስጥ አሉ። ተቆጣጣሪው በማን እጅ እየበላ ማንን ይጠይቃል?

ቶሎ ሳይከፍሉ ቀርተው የዘገዩ አገሮችም አሉ። አየርላንድ የበጎ አድራጎት ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያኔ አገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ላይ ነበረች፤ መሥሪያ ቤቱን ማቋቋም ቆየ። በ2013 መጨረሻ ላይ ከሕዝብ የተዋጣ ገንዘብ ለአንድ ድርጅት ኃላፊዎች የደመወዝ መደጎሚያ መዋሉ ተሰማና አገር ተቆጣ። ተቆጣጣሪው የቆመው በጥቅምት 2014 ነው። ቅርባችን ኬንያ ደግሞ ሕጓን በ2013 አጽድቃ ሥራ ላይ ያዋለችው በግንቦት 2024 ነው፤ እነዚህም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። 11 ዓመት! ሕግ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ወጪ የለውም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሁሉም ሕግ ማውጣት የሚቀናው። የእንግሊዝና የዌልሱ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ግን ከ1853 ጀምሮ አለ። ከመንግሥት በጀት ነው የሚኖረው፤ ለመመዝገብ ገንዘብ አያስከፍልም። ከ160 ሺህ በላይ ድርጅት ያለበትን መዝገብ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ ያያል። እኛ 160 ሺህ የለንም። ያሉን በአንድ ጠንካራ ደብተር ይያዛሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከባዱን ተቃውሞ ደግሞ አልሸሽም። "ክልሉ ባለበት ሁኔታ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ፣ ተፈናቃዩ ሸራ ሥር ተቀምጦ፣ ለመዝገብ ቤት ገንዘብ ይጠየቃል ወይ?" ይህን ያለችኝ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ናት። መልስ አጥቼ አንድ ሳምንት ከረምኩ። አሁንም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ዘንዘልማ ሸራ ሥር ላለች እናት መዝገብ አይበላም። ግን ለእሷ ተብሎ የተሰበሰበው እህል እሷ ጋ መድረሱን ማን ይጠይቅላት? ችግር በበዛ ጊዜ ነው ሰው አብዝቶ የሚሰጠው። ባጅ አንጠልጥሎ የሚዞረውም ያን ጊዜ ነው የሚበዛው። እነዚያ ሦስት ወጣቶች ነጋዴው ጋ የገቡት በተፈናቃይ ስም መሆኑን አትርሱ።

ደግሞም የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብሩን እናንተ አስሉት፤ እኔ ግን ምን እንደሚገዛ ልንገራችሁ።

መኪና አይግዛ። ይህን በደማቅ መጻፍ ብችል እጽፈው ነበር። አዲስ መሥሪያ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ የኃላፊው ሶፋ፣ ከዚያ መጋረጃ ይገዛል። ሠራተኛው የሚቀጠረው ብር ሲያልቅ ነው። ይህኛው መጀመሪያ ሰው ይቅጠር። ባሕር ዳር ላይ ጥቂት ሰዎች፣ በየዞኑ ደግሞ አንድ አንድ ሰው። ከእነዚህ ግማሾቹ ሒሳብ የሚያውቁ ይሁኑ። ሥራቸውም ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ሪፖርት ማስተማር ይሁን። ብዙዎቻችን ሒሳብ የምንይዘው በተማሪ ደብተር ነው። ልባችን ንጹሕ ነው፤ አያያዛችን ግን ሌባ ያስመስለናል። የማውቀው አንድ ማኅበር ገንዘብ ያዡ በሞት ሲለይ የገንዘቡን ነገር የሚያውቅ ጠፋ፤ ሁሉም ነገር በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ለጀልባ ኪራይ ደግሞ ትንሽ ያዙ። የደቅ ደሴት ሰው ለአንድ ዕድሳት ጣናን አቋርጦ ባሕር ዳር መምጣት የለበትም። ደርሶ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ሲመለስ አስቡት። በዓመት ሁለት ጊዜ መዝጋቢው ይሂድ። በደሴቶቹም፣ በደልጊና በጎርጎራ በኩልም ይዙር። ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚያስቸግር በጠዋት ይውጣ።

መዝገቡ ውስጥ የሚጻፈው አጭር ይሁን። የማኅበሩ ስም፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚመራው፣ መቼ እንደተመዘገበ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ዋለ። ሪፖርት ካላቀረበ "አላቀረበም" ተብሎ ይጻፍ። ድረ ገጽ ላይ ይውጣ፤ ግን ድረ ገጽ ብቻ አይሁን። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች ነን፤ እንደገና አይቋረጥም ብሎ የሚፈርም ካለ ይፈርምልኝ። በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወረቀት ይለጠፍ። የሚደወልበት ስልክ ይኑር፤ ሲደወልም የሚያነሣ ሰው ይኑር። ነጋዴው ሱቁን ሳይዘጋ፣ እኔ እፊቱ ቆሜ እያለሁ ደውሎ "እነዚህ አሉ ወይ?" ማለት ይቻለው። የምፈልገው ትልቁ ነገር ይህች የሁለት ደቂቃ ስልክ ናት።

በየዓመቱ መጀመሪያ የሚለጠፈው ደግሞ የራሱ የተቆጣጣሪው ሒሳብ ይሁን። በስንት ብር ስንት ማኅበር እንደመዘገበ፣ ስንት ጥቆማ ደርሶት ስንቱን እንዳጣራ ይንገረን። ሌላውን ሪፖርት የሚጠይቅ የራሱን ቀድሞ ያሳይ።

ገንዘብ የማይመደብ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። መመሪያ አታውጡ። "ሁሉም ማኅበር በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ" የሚል ማስታወቂያ አታስነግሩ። ያንን ስታደርጉ ሄደን የምንሰለፈው እኛ ነን፤ ባጅ ያንጠለጠሉት አይመጡም። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ያው ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ።

ነጋዴው ጋ በቅርቡ ተመልሼ ነበር። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። ደረሰኙ አሁንም መሳቢያቸው ውስጥ ነው። "ካስፈለገ ፎቶ አንሺው፣ ስሙን ግን ሸፍኚው" አሉኝ። "ምናልባት የእውነት ማኅበር ይሆናል፤ ስልካቸው ጠፍቶባቸው እንደሆነስ?" ፎቶ አላነሣሁትም።

በጀቱ በምክር ቤቱ ሲነበብ በሬዲዮ እከታተላለሁ። እስከዚያው ደብተር ማሰባሰቡን ጀምረናል። የዘንድሮዎቹ ልጆች ከአምናዎቹ ይበዛሉ፤ መስከረም ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንዲት ትንሽ ማኅበር ሒሳብ ያዥ
ባሕር ዳር፣ ግንቦት